ምዕራፍ ስድስት፦ ሽጉጡ የማን ሥራ ነው?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር አሮጌ ሽጉጥ ብቻውን አይወረስም፤ ከነታሪኩ ነው የሚወረሰው። ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ብረቱ ከጨርቅ ተፈትቶ ሲወጣ ከቤቱ ሽማግሌዎች አንዱ ማውጋት ይጀምራል፦ የዓድዋ ምርኮ ነው፤ ወይም አያታችን ደምበጫ ላይ ከጣሊያን መኮንን ወገብ የፈታው ነው፤ ወይም ጃንሆይ በጎጃም በኩል ሲገቡ የተሸለመው ነው። ወጉ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ሳይጎድል ደርሷል። ሽጉጡ ግን በመሐል ጎድሏል። ሞላው ደክሟል፣ ወይም መርፌው ተቆርጧል፣ ወይም ጥይት የሚይዘው ክፍል አልዞር ብሏል። ወራሹ ሊያስጠግነው፣ ካልሆነም ሙሉ አድርጎ ለልጆቹ ሊያስቀምጠው ይፈልጋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ያላነሳው ጥያቄ የሚነሳው ያኔ ነው፤ ይህ ብረት የማን ሥራ ነው?

መለዋወጫ ወግ አይሰማም። አንድ ትንሽ ሞላ ልኩ ሆኖ እንዲገባ ፋብሪካው፣ ሞዴሉና አንዳንዴም የዚያ የአንዱ ሽጉጥ ቁጥር መታወቅ አለበት። የቤተሰብ ታሪክ ማን ማረከው፣ የት ማረከው፣ ማንን ሸኘበት የሚለውን ይነግረናል። ማን ሠራው የሚለውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም፤ አውቃለሁ ባለበት ጊዜም ብዙ ጊዜ ይስታል። ታሪኩ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው፣ መለዋወጫ ፈላጊው ደግሞ ብረቱ ላይ ያለውን መዝገብ ማንበብ አለበት ማለቴ ነው።

ቃላቱን አስቀድሞ መግባባት ይበጃል። ቃታ፣ አፈሙዝ፣ እጀታ፣ ቀለሃ የሚሉትን ሁሉም ያውቃቸዋል። ተሽከርካሪውን ጥይት መያዣ በዚህ ምዕራፍ ከበሮ እለዋለሁ፤ ከኋላ ተነስቶ ጥይቱን የሚመታውን ደግሞ መቺ። ስድስት ጎራሽ ወይም ሰባት ጎራሽ የሚባለው ሽጉጥ ስሙን ያገኘው በዚህ ከበሮ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ነው። እንደምናየው ቀዳዳ መቁጠር የዋዛ ምርመራ አይደለም።

መሣሪያው በየት በየት እንደገባ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ወደ ጎጃም የሚያስገባው በር አንድ ሆኖ አያውቅም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ድል ሲሆኑ ከሠራዊታቸው ጋር የጎጃም ጠመንጃም ተማርኳል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የነበረው መሣሪያ ብዙው ከጎጃም ወጥቷል። በዚያው ዘመን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ በታጁራና በኦቦክ በኩል፣ የፈረንሳይ ነጋዴዎች አሮጌ መሣሪያ በግመል እየጫኑ ወደ መሐል አገር ያስገቡ ነበር። ከነጋዴዎቹ አንዱ ገጣሚው አርተር ራምቦ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ለምኒልክ አስረክቧል። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ በአውሮፓ ከአርባ ዓመት በፊት የተጣለ መሆኑን፣ በቤልጅጓ ሊዬጅ ከተማ ወይም በፈረንሳይ ከአሮጌ መሣሪያ ነጋዴ 7 ወይም 8 ፍራንክ እንደሚያወጣ፣ ሸዋ ላይ ግን 40 ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ይዘረዝራል። ሊዬጅ የሚለውን ስም አንባቢ ይያዘው፤ ተመልሰን እንመጣበታለን።

ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም አካባቢ ግን ትልቁ በር የተከፈተው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። አርበኞቹ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ ወደ ምሥራቅ ደግሞ በላይ ዘለቀ፣ የሚታጠቁት በአብዛኛው ከጠላት የነጠቁትን ነበር። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ሲገቡ፣ በእንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር የጎጃምን መንገድ ይዞ ወረደ። በየካቲት መጨረሻ የቡሬው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ ከተማውን ለቆ በማንኩሳና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ። ደምበጫ አጠገብ መንገዱን ዘግቶ ከነበረው የኢትዮጵያ ሁለተኛ ሻለቃ ጋር ብርቱ ውጊያ ገጠመ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ ዛሬ አስፋልት በሚያልፍበት መስመር ላይ የጣሊያን፣ የእንግሊዝና የቅኝ ጦር መሣሪያ ተቀላቅሎ ተበትኗል። ገበሬው ያገኘውን አንስቷል። ሽጉጡ ለመደበቅም ከጠመንጃ ይቀላል።

እንግዲህ ብረቱን እናንሳ። ከማንሳት በፊት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ከበሮው ውስጥ ጥይት አለመኖሩን መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ማረጋገጥ አለበት፤ ሰማንያ ዓመት በሳጥን የቆየ ሽጉጥ ባዶ ነው ብሎ ማመን የብዙ ሰው እጅ አስከፍሏል። ሁለተኛው ሕግ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ በኋላ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ፣ መሸጥና ማዘዋወር ያስጠይቃል፤ የአያት ነው የሚለው ምክንያት ከፈቃድ ነፃ አያደርግም። ስለዚህ ሽጉጡን በጋቢ ሸፍኖ ከከተማ ወደ ከተማ ጠጋኝ ፍለጋ መዞር አይገባም። ፈቃድ የሌለው ወራሽ የመጀመሪያ ጉዞው ወደ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የሚከተለው የማንበብ ሥራ ሁሉ ደግሞ ሽጉጡ ካለበት ሳይንቀሳቀስ፣ በማጉያ መነጽርና በጥሩ ብርሃን የሚሠራ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ተጽፎበታል አይደለም። ብዙ ሰው ወደ ጽሑፉ ይሮጣል፤ ጽሑፉ ግን በዝገት ይጠፋል፣ በሞረድ ይፋቃል፣ በሐሰትም ይመታል። አካሉ ግን አይዋሽም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሽጉጡ እንዴት ይጎርሳል የሚለው ነው።

በጎጃም ቤቶች ከሚገኙት ውስጥ በቀላሉ የሚለየው የጣሊያኑ ቦዴዎ ነው። ሞዴሉ የ1889 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስድስት ጎራሽ፣ ጥይቱ 10.35 ሚሊ ሜትር። ከበሮው ወደ ጎን አይወጣም፣ ሽጉጡም ለሁለት አይታጠፍም። በቀኝ በኩል ትንሽ በር አለች፤ እሷን ከፍቶ ጥይቱን አንድ በአንድ ማጉረስ፣ ቀለሃውንም በዘንግ አንድ በአንድ ገፍቶ ማውጣት ነው። ሁለት ዓይነት ቦዴዎ አለ፣ ልዩነቱም ከሩቅ ይታያል። ለተራ ወታደር የተሠራው አፈሙዙ ስምንት ማዕዘን ነው፤ የቃታ ጠባቂ ቀለበት የለውም፣ ቃታው ራሱ ወደ ፊት ይታጠፋል። የመኮንኑ አፈሙዝ ክብ ሲሆን ቃታው በቀለበት ውስጥ ነው። ከመኮንን ወገብ የተፈታ ነው የተባለ ሽጉጥ ቃታው የሚታጠፍ ሆኖ ከተገኘ ወጉ ላይ ትንሽ ማዕረግ ተጨምሯል ማለት ነው፤ ባለወጎቹን አናስቀይም እንጂ።

ቦዴዎ ላይ የአምራቹ ስምና የተሠራበት ዓመት ተመትቶ ይገኛል። ብሬሺያ ውስጥ ግሊሴንቲን የመሳሰሉ የተለያዩ ድርጅቶች ሠርተውታል፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ የስፔን ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ሠርተው ለጣሊያን አቅርበዋል። ዓመቱ የዓድዋን ወግ ለመመርመር ይረዳል፤ ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚረዳው። 1916 እ.ኤ.አ. የሚል ቁጥር ካለበት ሽጉጡ ዓድዋ ላይ አልነበረም፤ ነገሩ አለቀ። 1891 የሚል ካለበት ግን የዓድዋ ነው ማለት አይደለም፤ ጣሊያን ቦዴዎን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ስላልጣለችው ያው አሮጌ ሽጉጥ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ ወታደር ወገብ ሊመጣ ይችላል። ዓመተ ምሕረት ወግን ማፍረስ እንጂ ማጽናት አይችልም። ለመለዋወጫው ግን ዓድዋ መዋሉ ምኑም አይደለም፤ የሚያስፈልገው የፋብሪካው ስምና የቃታው ዓይነት ነው።

ሰባት ቀዳዳ ከተቆጠረ ግምቱ ወደ ናጋንት ያዘነብላል። ሊዮን ናጋንት የሊዬጅ ሰው ነው፤ የ1895 እ.ኤ.አ. ሞዴሉን የወሰደችው ግን ሩሲያ ናት። መጀመሪያ 20 ሺህ ያህሉ ሊዬጅ ውስጥ ተሠራ፤ ከ1898 ጀምሮ ሥራው ወደ ሩሲያዋ ቱላ ከተማ ዞረ። ይህ ሽጉጥ ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይበት አንድ ብልሃት አለው። መቺው ሲነሳ ከበሮው ወደ ፊት ይገፋና ከአፈሙዙ ጋር ይገጥማል፤ ረጅሙ ቀለሃ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ጋዙ በጎን አያመልጥም። ብልሃቱ ግሩም ነው፤ ለጠጋኝ ግን ራስ ምታት ነው። ከበሮውን ወደ ፊት የሚገፉት ትንንሽ ክፍሎች ሌላ ሽጉጥ ውስጥ የሉም፤ በግምት የተሠራ ምትክ ደግሞ ወይ አይገፋም ወይ አይመለስም። ባለሙያ ያልሆነ ጠጋኝ ከበሮው ወደ ፊት መንቀሳቀሱን አይቶ ተበላሽቷል ብሎ ሊያጠብቀው ይችላል፤ በእውነት የሚበላሸው ግን ያኔ ነው።

በሩሲያ ንጉሥ ዘመን የተሠራው የቱላ ናጋንት ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፤ ከ1917 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ የመጣው ላይ ኮከብ። ኮከብ ያለበት ናጋንት የዓድዋ ምርኮ ነው የሚባለው ወግ ሁለት ጊዜ ይወድቃል፤ በዘመንም፣ ጠላታችን ሩሲያ ስላልነበረችም። ደግሞ ናጋንት የሚለው ስም ብቻውን አይበቃም። ያው ቤት ለቤልጅግ፣ ለስዊድንና ለኖርዌይ ጦር የተለያዩ ሞዴሎች ሠርቷል፤ የቤልጅጉ የ1878 ሞዴል ጥይት 9.4 ሚሊ ሜትር፣ የስዊድኑ የ1887 ሞዴል 7.5፣ የሩሲያው 7.62 ነው። ስማቸው አንድ፣ ሞላቸው ግን ለየቅል ነው።

ፈረንሳዩን በአንድ ነገር ብቻ መለየት ይቻላል። የ1892 እ.ኤ.አ. ሞዴል የፈረንሳይ ሽጉጥ ከበሮው የሚወጣው ወደ ቀኝ ነው። ከበሮአቸው ወደ ጎን የሚወጣ ሽጉጦች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ግራ ነው የሚያወጡት። ስድስት ጎራሽ፣ 8 ሚሊ ሜትር፤ ከአፈሙዙ በላይ ሞዴሉ፣ በቀኝ ጎን ደግሞ ለሳን ኤቲየን ፋብሪካ የቆመ አንድ የላቲን ፊደልና ዓመቱ ተጽፏል። የዚህ ሽጉጥ ደግነት የግራው ሽፋን እንደ በር ተከፍቶ ውስጡን በሙሉ ማሳየቱ ነው። የትኛው ክፍል እንደተሰበረ ሳይፈታታ ይታያል፤ ለጠጋኝ የተሰጠ ስጦታ ነው።

እንግሊዞቹ ለሁለት የሚታጠፉ ናቸው። ከመቺው ፊት ያለውን መቆለፊያ ገፍቶ አፈሙዙን ወደ ታች ሲያጥፉት ከበሮው ይገለጣል፣ ቀለሃዎቹም በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። እዚህ ላይ ሁለት መንትዮች አሉ፤ ስለ መለዋወጫ ከእነሱ የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። ዌብሊ የተባለው የበርሚንግሃም ድርጅት ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ለእንግሊዝ ጦር አነስ ያለ ባለ 38 ካሊበር ሽጉጥ አዘጋጅቶ አቀረበ። መንግሥት አየው፣ ወደደው፣ ከዚያም ኤንፊልድ በሚገኘው በራሱ ፋብሪካ ጥቂት የውስጥ ክፍሎችን ለውጦ ኤንፊልድ ቁጥር 2 ብሎ አወጣው፤ በ1932 እ.ኤ.አ. ለጦሩ ታደለ። ድርጅቱ ለድካሙ 2,250 ፓውንድ ይገባኛል ብሎ ከሰሰ፣ ተረታ፤ በኋላ ለፈጣሪዎች ካሳ የሚወስነው የመንግሥት ኮሚሽን 1,250 ፓውንድ ሰጠው። ጦርነቱ ሲመጣ መንግሥት የኤንፊልዱ ስላልበቃው የዌብሊውንም ገዛ። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ጦር፣ በአንድ ዓይነት ማህደር፣ አንድ ዓይነት ጥይት ጎርሰው ዋሉ። ለዓይን አንድ ናቸው። የውስጥ ክፍላቸው ግን አንዱ ለሌላው አይሆንም። ክርክሩ የተነሳው መቅዳት ነው አይደለም በሚለው ላይ ነበር፤ የተለወጡት ጥቂት የውስጥ ክፍሎች እስከ ዛሬ ድረስ መለዋወጫ ፈላጊውን ያስቸግራሉ።

መለያው በቀኝ በኩል ከመቺው ሥር ነው። ኤንፊልዱ ላይ ዘውድ፣ የፋብሪካው ስም፣ ቁጥር 2 የሚለውና ዓመቱ ይነበባሉ፤ ዌብሊው የራሱን ስም ይዟል። ኤንፊልዱ አንዳንዴ መቺው ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጆሮ የለውም፤ ተሰብሮ ሳይሆን ታንክ ውስጥ ልብስና ገመድ እንዳይዝ ሆን ተብሎ እንዲህ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ጎደለ ብሎ ጆሮ ማስበየድ አይገባም። ብየዳው የመቺውን ብረት ያለሰልሰዋል፤ ለሽጉጡም ለታሪኩም ጥፋት ነው።

አሜሪካ ሠራሾቹ ከበሮአቸው ወደ ግራ ይወጣል። ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስለሚመሳሰሉ ሰው ሁሉንም ኮልት ይላቸዋል። ከኋላ ሆኖ መቺውን ቀስ ብሎ ማንሳት ነው፤ የኮልቱ ከበሮ ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ ይዞራል። የከበሮ መክፈቻውም የኮልቱ ወደ ኋላ ይሳባል፣ የሌላው ወደ ፊት ይገፋል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በጦርነቱ ጊዜ ለእንግሊዝ ብዙ ልኳል። የምርት ቁጥሩ አንድ ሚሊዮን ሲሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ቁጥሩን በላቲኑ ቪ ፊደል እያስቀደመ እንደገና ጀመረ። ስለዚህ ከእጀታው ታች ቪ ፊደል ያለበት ሽጉጥ በ1933 ዓ.ም. (በ1941 እ.ኤ.አ.) በተደረገው የቡሬ ዘመቻ ሊኖር አይችልም፤ ዘመቻው ሲያበቃ ገና አልተወለደም። የቤቱ ወግ ጃንሆይ ሲገቡ የሚል ከሆነ፣ ሽጉጡ ቢያንስ አንድ ዓመት ዘግይቶ ደርሷል።

አካሉ ተለይቶ የፋብሪካ ስም ካልተገኘ ወደ ፈተና ምልክቶች መሄድ ነው። በአውሮፓ ትልልቅ የመሣሪያ ከተሞች አንድ ሽጉጥ ከመሸጡ በፊት በከባድ ጥይት ይፈተናል፤ ያለፈው ማኅተም ይመታበታል። በጣም የሚያጋጥመው የሊዬጅ ነው። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ የላቲን ፊደሎቹ ኢ፣ ኤል፣ ጂ እና ከሥራቸው ኮከብ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከበሮው ላይ ይገኛል። ከእንቁላሉ በላይ ዘውድ ካለ ከ1893 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተፈተነ ነው፤ ዘውድ ከሌለ ከዚያ በፊት። ከ1922 ጀምሮ ደግሞ ለየዓመቱ አንድ ፊደል ይመታ ጀመር። አንዲት የስንዴ ፍሬ የምታህል ምልክት እንዲህ ያለ ዘመን ትቆርጣለች። በርሚንግሃም የራሱ ዘውዶችና ፊደሎች አሉት፤ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ሲሆን ደግሞ ሰፊ የቀስት ጫፍ ይመታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሊዬጅ ማኅተም የፈተናው እንጂ የሠሪው አይደለም። ያቺ ከተማ ከትልልቅ ፋብሪካዎች ሌላ በየቤቱ የሚሠሩ እጅግ ብዙ ባለሙያዎች ነበሯት፤ አንዱ አፈሙዝ፣ አንዱ ከበሮ፣ አንዱ ሞላ ይሠራል፣ ነጋዴው ያስገጥመዋል። የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን መልክ፣ የኮልትን መልክ፣ የዌብሊን መልክ ገዢው እንደፈለገ ይሠሩ ነበር። ስፔን ውስጥ ኤይባር የምትባለው ከተማም እንዲሁ ነች፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይም እንግሊዝም መሣሪያ ሲያጥራቸው ከኤይባር ገዝተዋል። እነዚህ ቅጂዎች መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ክፍሎቻቸው ግን በማሽን ልክ ሳይሆን በሞረድ ተስማምተው የተገጠሙ ስለሆኑ የአንዱ ሞላ ለወንድሙ እንኳ ላይሆን ይችላል። የሊዬጅ ቅጂ ይዞ ከውጭ የስሚዝ ሞላ ማስመጣት ገንዘብ መወርወር ነው። እንዲህ ላለው ሽጉጥ መለዋወጫ አይፈለግም፤ የተሰበረው ክፍል ራሱ ናሙና ሆኖ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሠራዋል። ለዚህ ነው ስብርባሪውን መጣል ትልቁ ስህተት የሚሆነው። ሁለት ቦታ የተከፈለ ሞላ አሁንም ርዝመቱን፣ ውፍረቱንና የታጠፈበትን አቅጣጫ ይናገራል።

ምንም ምልክት የሌለበትስ? ይህም ያጋጥማል፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ሞረድ አይደለም። ጀርመን በ1935 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያ በምስጢር የሸጠቻቸው ማውዘር ጠመንጃዎች፣ ጣሊያን ምንጩን እንዳታውቅ ምልክታቸው ተነስቶ ነበር የተላኩት። ያ የጠመንጃ ታሪክ ነው፤ ለሽጉጥም ግን ትምህርት አለው። ባዶ ብረት ስም የለሽ ሥራ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ወደ አካሉ፣ ወደ አጎራረሱና ወደ ቀዳዳው ልክ መመለስ ነው።

ስለ ልክ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ካሊፐር ይዞ ከበሮውን ከኋላ የሚለካ ሰው የቀለሃውን እንጂ የእርሳሱን ስፋት አያገኝም፤ ከኋላ ያለው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ይሰፋል። ከኋላም፣ ከፊትም፣ ከአፈሙዙም ለክቶ ሦስቱንም መጻፍ ያስፈልጋል። የገባለት ጥይት ሁሉ ልኩ ነው ብሎ ማሰብ ደግሞ አደገኛው ነገር ነው። ጥቁር ባሩድ በነበረበት ዘመን የተሠራ ከበሮ የዛሬውን ጭስ አልባ ባሩድ ግፊት የሚችል አይደለም፤ ጥይቱ ልክ ቢገባም ብረቱ ሊፈነዳ ይችላል። እኔ ምክር ስጠየቅ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ሽጉጥ ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ እንጂ አይተኮስበት እላለሁ፤ ለቅሶ ላይም ቢሆን፣ ሠርግ ላይም ቢሆን።

ጠጋኙንም እናንሳ። በጎጃም ገጠር መሣሪያ ክብር ነው፤ መሣሪያውን ሲያበጅ የኖረው ቀጥቃጭ ግን ብዙ ጊዜ ክብር አላገኘም። በቡዳነት ሲታማ፣ ከጋብቻ ሲገለል፣ ከመንደር ጥግ ሲኖር የኖረ ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን አትስደቡ የሚል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ አዋጁ ከሐሜቱ ቀድሞ ያረጀ ይመስለኛል። ያ ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ ሞላ ያወጣ፣ ከሚስማር መርፌ ያበጀ ሰው ነው። ሥራው ሽጉጡን ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው አሻግሯል፤ ለለዪው ግን አዲስ እንቆቅልሽ ጥሏል። አሮጌ ሽጉጥ ተከፍቶ ውስጡ ሲታይ፣ አንደኛው ክፍል የሞረድ ጭረት በሰያፍ ካለበት፣ ብረቱም ከሌሎቹ የተለየ ቀለም ካለው ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። መለዋወጫ ፈላጊው እሱን ናሙና አድርጎ ከወሰደው የአንድ የጎጃም ቀጥቃጭ መላ እየቀዳ ነው፤ የቱላን ወይም የብሬሺያን ልክ ግን አያገኝም።

ቁጥሮቹ ይህን ለማጣራት ይረዳሉ። የወታደር ሽጉጦች ላይ ያው ቁጥር፣ ወይም የመጨረሻ አሃዞቹ፣ በአካሉ፣ በከበሮው፣ በጎን ሽፋኑ ላይ ተደጋግሞ ይገኛል። የማይገጥም ቁጥር ያለው ከበሮ ከሌላ ሽጉጥ መጥቷል ማለት ነው፤ በ1933ቱ ግርግር ከሁለት ሽጉጥ አንድ የተሠራ ቢኖር አይደንቅም። ከበሮው የማይዞር ከሆነ ደግሞ በሽታው ሞላው ላይ ሳይሆን እዚህ ሊሆን ይችላል። ባለሙያ ለመጠየቅ የሚላክ ፎቶ የሁለቱንም ጎን፣ የከበሮውን ኋላ፣ እያንዳንዱን ምልክት ከቅርብ፣ ከጎኑም ማስመሪያ የያዘ ይሁን። ምልክቱን ለማንበብ ዝገቱን በአሸዋ ወረቀት መፈተግ ክልክል ነው፤ በላምባ የራሰ ጨርቅና ትዕግሥት ይበቃሉ። አንዳንዴ ብርሃኑን ከጎን ማድረግ ብቻ የጠፋ የመሰለውን ፊደል ይመልሰዋል።

እጀታው ከሁሉ ቀድሞ የሚያረጅ ክፍል ነው፤ ይሰነጠቃል፣ ነቀዝ ይበላዋል፣ ብሎኑ ይጠፋል። ደስ የሚለው፣ ያለ ፋብሪካ ሊተካ የሚችለውም እሱ ነው። ከደረቀ ወይራ የሚቀርጽ እጅ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ውስጥ አይጠፋም፤ ሽጉጡን ሳይወስዱ አሮጌውን እጀታ ብቻ ለናሙና መስጠት ይበቃል። አሮጌው ሲነቀል ግን ወደ ምድጃ እንዳይሄድ። ገልብጦ ውስጡን ማየት ነው፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከሆነ በቀኙ እንጨት ጀርባ የሽጉጡ ቁጥር ተመትቶ ሊገኝ ይችላል። ከታች ብረቱ ላይ ካለው ጋር ከገጠመ እንጨቱ ከፋብሪካው ጀምሮ አብሮ የኖረ ነው፤ ካልገጠመ ከሌላ ሽጉጥ የመጣ ነው። ያኔ ቁጥሩን ከብረቱ ብቻ መውሰድ፣ እንጨቱ ላይ ያለውን ለብቻው መዝግቦ ማስቀመጥ ነው።